ከነፋስ ወፍጮው በታች የቆሙት

ውድ ወጣቶች፣ «ፍራንከንስታይን» የሚለውን ስም ስትሰሙ ግንባሩ የሰፋ፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካበት ጭራቅ ይታያችሁ ይሆናል። ስሙ ግን የሠሪው ነው። ጭራቁ ስም የለውም። ጄምስ ዌል እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው ፊልም መክፈቻ ላይ የተዋንያን ስም ሲዘረዘር፣ በጭራቁ ትይዩ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ነበር።

ስለዚህ አሮጌ አስፈሪ ፊልም የምጽፍላችሁ የመጨረሻው የእሳት ትዕይንት ስለ እኛም ስለሚናገር ነው።

ሄንሪ ፍራንከንስታይን የተባለ ወጣት ተመራማሪ የሙታንን አካል ገጣጥሞ ሕይወት ይሰጠዋል። ጣሪያው ተከፍቶ የፀሐይ ብርሃን ሲገባ ፍጡሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። ያገኘው ግን ሰንሰለትና የሄንሪ ረዳት የሚያሠቃይበት ችቦ ነው። ብርሃን ፈለገ፤ እሳት ሰጡት። ካመለጠ በኋላ ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ታካፍለዋለች። አበባው ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ አይቶ እሷም የምትንሳፈፍ ይመስለውና ሐይቁ ውስጥ ይጥላታል። ልጅቷ ትሞታለች።

አባቷ አስከሬኗን ታቅፎ በሠርግ ጭፈራ መካከል ሲያልፍ ደስታው ሁሉ ይቆማል። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ፊልሙም አያቃልለውም። ችቦ ይዘው የወጡት ልባቸው የቆሰለ ጎረቤቶች ናቸው። አደኑን የሚያስተባብረው የከተማው ሹም ነው፤ ከመሪዎቹ አንዱ ደግሞ ራሱ ሄንሪ ነው። ሠርቶ የተወው ሰው አሁን ሊያጠፋው ይወጣል።

ፍጡሩ ሄንሪን ይዞ አሮጌ የነፋስ ወፍጮ ውስጥ ይገባል፤ ከላይም ይወረውረዋል። ሕዝቡ ወፍጮውን ያቃጥላል። ዳይሬክተሩ እዚህ ላይ ሙዚቃ አላስገባም። የምንሰማው የውሾችን ጩኸት፣ የሕዝቡን ሁካታ፣ የእሳቱን ድምፅ፣ በወደቀ ግንድ ሥር የተያዘውንም ፍጡር ዋይታ ነው። ሙዚቃ ቢኖር ኖሮ «እዚህ ላይ ደስ ይበላችሁ» ወይም «እዚህ ላይ እዘኑ» ይለን ነበር። አሁን ግን ከታች ከቆሙት ጋር ቆመን ለራሳችን እንድንፈርድ ተተውን። የትዕይንቱ ብርታት ይህ ነው።

ድክመቱ ከእሳቱ በኋላ ይመጣል። ሄንሪ ይተርፋል፤ አባቱ ባሮኑ ጽዋ አንሥቶ ለቤቱ ወንድ ልጅ ይመኛል፤ ፊልሙም ያበቃል። ሠሪውን የጠየቀው የለም። ሜሪ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመችው ልብ ወለድ ፍጡሩ ይናገራል፤ ፈጥሮ የተወውንም ይከሳል። ፊልሙ አንደበቱን ወስዶበት፣ ክሱን በግብዣ ሸፈነው።

እኛም አገር የሰውን ስም የሚወስድ ቃል አለ። ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች «ቡዳ» ተብለው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ ሲወራባቸው ኖረዋል። ምጣዳቸውን እንገዛለን፤ ማዕዳቸውን እንሸሻለን። ወሬ ደግሞ ከማግለል አልፎ ይገድላል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ አንድ ሰው «ቦምብ ይዟል» ተብሎ በአደባባይ በሕዝብ ተገደለ። ወሬው ሐሰት ነበር። የፊልሙ ፍጡር በእርግጥ ሕይወት አጥፍቷል፤ ይህ ሰው ግን ቦምብ አልያዘም ነበር። ሁለቱንም ቆም ብሎ የሰማቸው አልነበረም።

ማርቆስ 5ን አንብቡ። በመቃብር መካከል የሚኖር፣ በሰንሰለት ሊይዙት ያልቻሉት፣ ሁሉ የሚፈራው ሰው ነበር። ጌታ ኢየሱስ ቀረበው፤ ስም ጠየቀ፤ ሰውየውን ካሰረው ኃይል ለየው። ችቦ ግን ሁለቱን አይለይም፤ አብሮ ያቃጥላል። ሰውየው ልብስ ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶ ሲቀመጥ የአገሩ ሰዎች ፈሩ፤ ጌታንም ከአገራቸው እንዲሄድ ለመኑት።

በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በሚኤሶ የምትኖሩ ወጣቶች፣ ቋንቋውና እምነቱ ከሚለያይ ጎረቤት ጋር በአንድ ገበያ ትውላላችሁ። ነገ አንድን ሰው ወይም አንድን ወገን «ጅብ» የሚል መልእክት በስልካችሁ ቢደርስ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት ስለ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንዳየና ማን እንደመሰከረ ጠይቁ። ቡድናችሁም ፊልሙን አብሮ ካየ፣ ወፍጮው ሲያያዝ አቁሙትና ተወያዩ፦ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ችቦውን ዝቅ ለማድረግ ቢፈልግ ምን ማለት ይችል ነበር? ከአጠገቡስ ማን ሊቆም ይገባ ነበር?

ጸጋ ይብዛላችሁ።