ጥሩ የላይብረሪ ጠቋሚ በምን ይታወቃል?

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ጠቋሚዎችን ለመፍረድ የገባ ሰው፣ የሚያምሩትን ሰሌዳዎች ከማየቱ በፊት በፕላስተር የተለጠፉትን ወረቀቶች ይፈልግ። በሩ ላይ «ግፋ»፣ መስኮቱ ላይ «እዚህ አይጠየቅም»፣ ደረጃው ግርጌ በስክሪብቶ የተሳለ ቀስት። እያንዳንዱን ወረቀት የለጠፈው አንድ ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ መመለስ የሰለቸው ሠራተኛ ነው። ወረቀቱ ያለበት ቦታ ቋሚው ጠቋሚ የከሸፈበት ቦታ ነው ማለት ነው። ሥራውን የሚያውቅ ኃላፊ ወረቀቶቹን ከመገንጠሉ በፊት የት የት እንደነበሩና ምን ይሉ እንደነበር ይመዘግባል።

በወለጋ ከተሞች ይህ ዳኝነት ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ነቀምቴ ነው፤ ጊምቢና ሻምቡም ካምፓሶች አሉት። ደምቢ ዶሎ ደግሞ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከተሞቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ፣ ክፍል ውስጥ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ከየክልሉ ከሚመድባቸው ፍሬሽ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። ጠቋሚው ሦስት ቋንቋና ሁለት ፊደል ሊሸከም ነው።

ጥሩ ሥራ እዚህ ላይ ይለያል። ቋንቋዎቹ በሁሉም ሰሌዳ ላይ ቦታቸውን አይቀያየሩም፤ አንባቢው ከሁለተኛው ሰሌዳ በኋላ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። የግዕዝ ፊደል ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ፣ በጣም ከደለበ ቅጥያው ተውጦ ከሩቅ አንድ ይመስላል። ስለዚህ ባለሙያው ፊደሉን ከላቲኑ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽም ቀጠን ያደርገዋል። ቁቤ፣ ማለትም የኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ረጅም አናባቢንም ሆነ ጥብቅ ድምፅን የሚጽፈው ፊደሉን በመድገም ስለሆነ ቃሉ ይረዝማል። መጥፎ ሠሪ በቦታ ጥበት ፊደሎቹን ያጨናንቃል ወይም አንዱን ይጥላል፤ ጥሩ ሠሪ ወደ ሁለት መስመር ያወርዳል። የፊደል አጻጻፍም ይታያል፦ መግቢያው ላይ «መጻሕፍት»፣ ፎቁ ላይ «መፃህፍት» ካለ፣ ሰሌዳዎቹን አንድ ሰው አላያቸውም። ለመጠን የተለመደው ግምት ለየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ነው፤ ከ9 ሜትር እንዲነበብ የተሰቀለ ሰሌዳ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ፊደል ካለው ለጌጥ ተሰቅሏል። ደግሞም ሁሉ ነገር በሦስት ቋንቋ መጻፍ የለበትም፤ ለቁጥር፣ ለቀስትና ለመጸዳጃ ቤት ሥዕል ትርጉም አያስፈልግም።

ቀጥሎ ቃሉን ይመርምሩ። «ሰርኩሌሽን» እና «ሪዘርቭ» የቤቱ ሰዎች ቋንቋ ናቸው፤ ትናንት ከአውቶቡስ ለወረደ ተማሪ ግን ምንም አይነግሩም። «መጽሐፍ እዚህ ተዋሱ፣ እዚህ መልሱ» ይበልጣል። ክልከላዎቹንም ይቁጠሩ። «መነጋገር ክልክል ነው» ያለ ቤት የቡድን ሥራ ያለበትን ተማሪ የት ሄዶ እንደሚነጋገር ካልጠቆመው፣ ተማሪው እዚያው ያንሾካሽካል። ለእያንዳንዱ «ክልክል ነው» አንድ «እዚያ ይቻላል» ካለ ቤቱ በደንብ ታስቦበታል።

የሰዓት ማስታወቂያ የተለየ ፈተና ነው። የአማርኛውና የኦሮምኛው መስመር 2፡00 ሲል የእንግሊዝኛው 8፡00 ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። «ጠዋት» የሚለው ቃል ከየመስመሩ ከጠፋ ግን ተማሪው የተዘጋ በር ፊት ይቆማል። የመመለሻ ቀንም በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ቅጣቱ ጭቅጭቅ ያስነሳል።

የዳኛው ዋና ቦታ ግን መደርደሪያው ነው። መጽሐፍን በዲዊ አመዳደብ በሚያስቀምጥ ቤት ስለ ቡና የሚያነብ ተማሪን ይከተሉ። ነቀምቴ በዓለም ገበያ ስሟን የሰጠችው ቡና አለ፤ በእርሻ ከታየ 633.73፣ በምርት ኢኮኖሚ ከታየ 338.17373፣ በምግብነት ከታየ 641.3373 ላይ ይገኛል። በመደርደሪያው ጫፍ «600፦ ቴክኖሎጂ» ብቻ የተጻፈበት ቤት ይህን ተማሪ ጥሎታል። ጥሩ ጫፍ ከየት እስከ የት እንደያዘ በቁጥር ይናገራል፤ ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁትን ጉዳይ በስሙ ይጠራል፤ ተዛማጁ የት እንዳለም ይጠቁማል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አማርኛ 492.87 ላይ ከሴማዊ ቋንቋዎች ጋር፣ ኦሮምኛ 493.55 ላይ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ይቀመጣል። እነዚህን ቁጥሮች በስማቸው ያላወጣ የወለጋ ላይብረሪ አንባቢዎቹን አያውቃቸውም። 633.73 ከ633.8 ቀድሞ የሚመጣበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ የሚያስረዳ ትንሽ ካርድ መደርደሪያው ላይ ካለ ደግሞ ነጥብ ይጨምሩ፤ 73 ከ8 ይበልጣል ብሎ ወደ ቀኝ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው።

ለአካባቢው ብቻ የሚሆን አንድ ተጨማሪ መለኪያ አለ። ሕይወቱ በነቀምቴ ያለፈው ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው፤ በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የወጡት የኦሮምኛ መጻሕፍትም እንዲሁ። ቁቤ የትምህርት ፊደል የሆነው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አንዱ የኦሮምኛ መደርደሪያ ሁለት ዓይነት ጀርባ ያላቸው መጻሕፍት ሊይዝ ይችላል። ጠቋሚው ይህን ካልተናገረ፣ በቁቤ ያደገው ወጣት የግዕዙን መጽሐፍ አማርኛ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ጠቋሚ ከተሰቀለ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው ግን እሱ ነው። የማይለወጠው፣ ማለትም ፎቅ፣ መጸዳጃ ቤትና መውጫ፣ በጠንካራ ሰሌዳ ይሠራል። መጽሐፍ ሲጨመር የሚገፋው የመደርደሪያ ቁጥር ደግሞ ካርድ በሚገባበት መያዣ ይቀመጣል። የወለጋ ክረምት ረጅም ነው፤ ርጥበቱ የወረቀትን ጠርዝ ያጥፋል፤ የበጋው ፀሐይ ቀዩን ቀለም አስቀድሞ ያነጣዋል። መብራት ሲጠፋ የማይነበብ የመውጫ ምልክት ምልክት አይደለም።

ለፈተና ገንዘብ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፍሬሽ ተማሪ ይጠሩ፤ 963ን፣ መጸዳጃ ቤቱንና መውጫውን እንዲፈልግ ይላኩት፤ ዝም ብለው ይከተሉት። የቆመበት፣ ወደ ኋላ የዞረበት፣ ሰው የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ይመዝገብ። ጠቋሚ የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ከመንገድ መለያያው በኋላ የተሰቀለ ቀስት ለተሳሳተ ሰው ማጽናኛ ብቻ ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣቸው አምስት ሕጎች ውስጥ አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ስለ መቆጠብ ነው፤ ይህ ጉዞ ያንን በሰዓት ይለካል።

በመጨረሻ ወደ ኃላፊው ቢሮ ይግቡና መዝገቡን ይጠይቁ፦ ሰሌዳው ስንት ነው፣ የት ነው፣ ምን ይላል፣ መቼ ተሰቀለ፣ ማን ይቆጣጠረዋል፣ መቼ ይወርዳል? የዐምናው የፈተና ሳምንት ማስታወቂያ ዛሬም ግድግዳው ላይ ካለ መልሱን ሳይጠይቁም አግኝተውታል። ያረጀ ማስታወቂያ ጎኑ ያለውን አዲሱንም ያስንቃል። መዝገብ ያለው፣ ሰሌዳው ግን ያላማረ ቤት በአንድ ሴሚስተር ይስተካከላል። ሰሌዳው አምሮ መዝገብ የሌለው ቤት ደግሞ በሁለት ዓመት ወደ ፕላስተርና ወረቀት ይመለሳል። ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ማርክ የሚሰጡ ከሆነ ለመጀመሪያው ይስጡ።