«ቆንጆ» እና «ያምራል» በመርካቶ

በተማሪዎች መካከል ብዙ ጊዜ የሚሰማ አስተያየት አለ፤ ይኸውም «ቆንጆ» የሚለው ቃል በመርካቶ ነጋዴ አፍ ረክሷል የሚል ነው። ነጋዴው ቲማቲሙንም፥ ድስቱንም፥ አላፊ አግዳሚዋንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ውበትን መለየት ትቷል ይላሉ። ይህ ፍርድ የተቸኮለ ይመስለናል። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ከአራዳ አዛውረው ስሙን ትተውልን ሄዱ፤ የአነጋገሩ ሥርዐት ግን የራሳችን ነው።

ነጠላ ሻጩን እንመልከት። ልብሱን ገና ሲዘረጋ «ቆንጆ ነው» ይላል፤ ውበቱ ያለው በዕቃው ላይ ነው። ገዢዋ ትከሻዋ ላይ ጣል ስታደርገው ግን ቃሉን ለውጦ «ያምርብሻል» ይላታል። በዚያች በ«ብ» ምክንያት ውበቱ ከነጠላው ወደ ሴቲቱ ተሻገረ፤ ነጠላውን ብትመልስ የምታጎድለው ከራሷ ነው ማለት ነው። ብልኅ ገዢ ይህን ስለምታውቅ ዋጋውን ሳትሰማ «ያምራል» አትልም፤ «አይከፋም፤ ስንት ነው?» ትላለች። አንዱ ግሥ ውበትንም አምሮትንም ይሸከማልና፥ «ያምራል» ያለች ሴት «አማረኝ» ለማለት አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷታል፤ ሻጩም ይህን ከሰማ በኋላ ዋጋ አይቀንስም።

በምን አለሽ ተራ ደግሞ ቃሉ ሌላ ሥራ ሲሠራ ሰምተናል። ያገለገለ ጀሪካን የያዘ ሻጭ «ቆንጆ ነው» ሲል፥ አያፈስም ማለቱ ነበር። እድፉን ማንም ያየዋል፤ እሱም አልደበቀውም። «መልከ መልካም» የሚለው ፍቺ እዚያ ለገዢ አይጠቅምም።

የቀረው መጥሪያው ነው። አሮጊቷን «እናቴ»፥ ወጣቷን «ቆንጆ» ብሎ የሚጠራ ነጋዴ ዕድሜ ለየ እንጂ መልክ አልመዘነም፤ ብዙ ጊዜ ፊቷን እንኳ አላየም። እዚህ ላይ ግን ለነጋዴው ጠበቃ መሆን አቃተን። አንዲት የክፍል ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብባ፥ «እናንተን ወንዶቹን ‹ወንድሜ› ሲሏችሁ ዘመድ ያደርጓችኋል፤ እኔን ‹ቆንጆ› ሲሉኝ ከዕቃው ጋር ይቆጥሩኛል» አለችን። መጥሪያ ብቻ ነው ብለን ብንከራከራት፥ ክንዷን ይዞ የሚጠራት ሰው እንደ መጥሪያ ብቻ እንዳልያዘው መለሰችልን። በሰዋስው ረገድ ትክክል ነን ብለን እናምናለን፤ እስከ ሸማ ተራ አብረናት ከሄድን በኋላ ግን ክርክሩን አላነሣነውም።