ከስግደቱ በፊት ድንጋዩ

ዐቢይ ጾም ሲገባ አንድ አዲስ የተሾመ ቄስ ከቡሬ እዚህ ማንኩሳ ድረስ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ለንስሐ ልጄ ስንት ስግደት ልዘዝ?» አለኝ። «ቁጥሩን ተወውና ከማን ጋር እንደ ተጣላ ጠይቀው» አልሁት። ቅር አለው።

ስግደትን አልንቅም። በስቅለት ምእመኑ ኃጢአቱን ተናግሮ በወይራ ቅጠል ሲጠበጠብ፣ ቀኖናውንም ተቀብሎ ሲሰግድ ሳይ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ግን ስቅለት ከ55ቱ የጾም ቀን 54ኛው ነው። እስከዚያ ያልታረቀ ሰው የቀረችው አንዲት ቀን ናት።

ልብ በአንድ ጉባኤ፣ በአንድ ለቅሶ ይታደሳል ከሚሉት ጋርም አልስማማም። ዳግም ልደትን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን በጥምቀት አግኝተናል፤ አይደገምም። ያደፈው የሚጠራው በንስሐ ነው፤ ንስሐም እግር አለው፣ ወደ በደሉት ሰው ደጅ ይሄዳል። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ለዚህ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሰው በማንኩሳ ስለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ዛሬም ጃንጥላውና ምንጣፉ ለደብሩ ይገባል። የጎረቤት ድንበር ተገፍቶ ሳለ ግን የትኛውም ስለት ልብ አያድስም።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዲያቆን ሳለሁ፣ የአባታችንን መሬት ስንካፈል፣ የወንድሜን ወሰን አንድ ትልም ገፋሁ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት መዝሙር 50ን እየደገምሁ ንጹሕ ልብ ለመንሁ፤ ልቤ ግን እንደ ደረቀ መሬት ማረሻ አላስገባ አለ። የንስሐ አባቴ አንድ ጠዋት መጡና ሳይቀመጡ፣ «ድንጋዩን አሳየኝ» አሉኝ። ወንድሜን አስጠሩት። የወሰኑን ድንጋይ እኔው ነቅዬ፣ እኔው ተሸክሜ፣ ከቦታው መለስሁ። ወንድሜ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ግን ልጁን ልኮ እራት ጠራኝ። በዚያች ሌሊት ያንኑ መዝሙር ስደግም እንባዬ ቀደመኝ።

ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ሲያርፍ ፍትሐቱን ያደረስሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ባይመለስ ኖሮ በየትኛው አፌ እፈታው ነበር?

ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፣ የንስሐ ልጃችሁ ቤት ድረስ ሂዱ፤ ከስግደቱም በፊት ድንጋዩን ጠይቁ።