«ኦሮማይ»ን ሐረር ላይ ሳነብ

ሰኔ 2012 ኢንተርኔት ሲዘጋ እኔ ሐረር ነበርኩ። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት መስመሩ በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚያው ሰሞን የራስ መኮንን ሐውልት ከተማችን ውስጥ ፈረሰ። ቤታችን ከሐውልቱ ብዙም አይርቅም፤ ግን የሆነውን ያወቅነው በየበሩ በሚመጣ ወሬ ነው። አንዱ ጎረቤት የነገረንን ሌላው ያፈርሰዋል። እኔ ደግሞ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ፤ ያለ ኢንተርኔት ሥራ የለኝም። ከመደርደሪያ የአባቴን «ኦሮማይ» አወረድኩ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ በዓሉ ግርማ መጽሐፉን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደርግ የኤርትራን የነጻነት ተዋጊዎች ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እደመስሳለሁ ብሎ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ጀምሮ ነበር። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሹም ነው፤ ዘመቻውን ከውስጥ አይቶታል። መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩም እዚህ ጋ ይመስለኛል፦ የደራሲው መጥፋት መጽሐፉን ውጦታል። ስለ «ኦሮማይ» ሲወራ ወይ የበዓሉ ዕጣ ነው፣ ወይ የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር። እኔ ግን ያገኘሁት መንግሥት ራሱን በራሱ ወሬ እንዴት እንደሚያታልል የሚያሳይ መጽሐፍ ነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው። አሥመራ የተላከው የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ እንዲመራ ነው፤ ድሉ ሳይመጣ የድሉን ስሜት እንዲያመርት ማለት ነው። በዓሉ ጎበዝ የሚሆነው ይህን ሥራ ከሩቅ ሆኖ ስለማይሳለቅበት ነው። ፀጋዬ ሞኝም ውሸታምም አይደለም፤ ሥራውን የሚወድ፣ የሚሠራውን የሚያምን ሰው ነው። ወደ ናቅፋ ግንባር ሲሄድ ግን የመሬቱ እውነትና የመድረኩ ወሬ አይገጥሙም። ርዕሱም ከጣሊያንኛ ወደ አሥመራ አፍ የገባ ቃል ነው፤ «አበቃ፣ አለቀ» እንደማለት።

በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ጥፋት አለ። ሲስተም ሲታመም ማንቂያ ይጮኻል። ሌሊት በጮኸ ቁጥር መነሳት የሰለቸው ሰው ማንቂያውን ያጠፋዋል። እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ። ደስ የሚል እንቅልፍ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ ሰርቨሩ ከሞተ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። «ኦሮማይ»ን መልቀም እንዲህ ያለ ሥራ ነው። መጽሐፉ የጠላት ጽሑፍ አልነበረም፤ ከቤት ውስጥ የጮኸ ማንቂያ ነበር። ደርግ ዝም አሰኘው፤ ጦርነቱ ግን ቀጠለ። በ1983 አሥመራ በተዋጊዎቹ እጅ ገባች፤ በ1985 የኤርትራ ሕዝብ ለነጻነት ድምፅ ሰጠ።

እስከዚህ ድረስ ማድነቅ ቀላል ነው። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሰዎቹ ለምን ይዋጋሉ? ፌዴሬሽኑ በ1955 ፈረሰ፣ ከዚያስ ሰዉ ምን አለ? መጽሐፉ ውስጥ የህቡዕ ታጋዮች አሉ፤ ግን በብዛት የምናያቸው መክሸፍ ያለበት ሴራ ሆነው ነው። ምክንያታቸውን ከራሳቸው አፍ በበቂ አንሰማም። በዓሉ የመንግሥትን ውሸት ከውስጥ አይቷል፤ የሕዝቡን ጥያቄ ግን በዚያው መሥሪያ ቤት መስኮት ነው ያየው። ይህ የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ሳንሱር እንዲህ ነው፤ የሚጻፈውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ማየት የሚችለውንም ያጠባል።

ለሐረር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የሐረሪ ተወካዮች ሞቃዲሾ ድረስ ሄደው፣ እዚያ ለነበረው የአራቱ ኃያላን መንግሥታት ኮሚሽን አቤት አሉ። ኩሉብ የሚባለው እንቅስቃሴ ነው። መልሱ የጅምላ እስርና የንብረት ውርስ ሆነ፤ ብዙ ቤተሰብ ከተማውን ጥሎ ወጣ። እኔ ጀጎልን እየተሻገርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ስማር ይህን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልሰማሁም። የሰማሁት የጓደኛዬ ቤት፣ ነደባ ላይ ከተቀመጡት አያቱ ነው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያወሩት፤ ከስንት ዓመት በኋላ።

ስለዚህ «ኦሮማይ»ን አንብቡት፤ ግን የሰማዕት ቅርስ አድርጋችሁ አትሳለሙት። የሚናገረውን ስሙ፣ የማይናገረውንም ጠይቁት።

ያኔ መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግኩት የሐውልቱን ዜና ነበር። ሁለት ታሪክ አገኘሁ፤ ሁለቱም እርግጠኛ፣ ሁለቱም የተቆጣ። የሰፈሬ ሰው ግን አንዱም ውስጥ የለም። አባቴ «ምን ይላሉ?» አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። ትንሽ አነበበና መልሶ ሰጠኝ፤ «እዚህ የነበርነው እኛ አይደለንም እንዴ?» አለ።