ስለት የሌለው ሰው

ወንድ ልጅ የሚኖርለትን ነገር ከየት ያገኛል? ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ በሁለት ልቦለዶች አጥረን እንየው።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህ ገና ነፍስ ሳያውቅ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ማንኩሳ ተወልዶ፣ ቆሎ ትምህርት ቤት አድጎ፣ ዲማ ቢደርስም ሕይወቱ ሌሎች የገቡለት ዕዳ ነው። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ግን አበራ ወርቁን የተሳለው የለም። ተምሯል፣ ሥራም ደመወዝም አለው፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው።

ብዙዎቻችን በዛብህን እስረኛ፣ አበራን ነፃ ሰው አድርገን እናነባለን። እንዲያውም ተገላቢጦሹ ይመስለናል። በዛብህ የሚያፈርሰው ነገር አለው፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ስለቱን፣ ወላጆቹን፣ እግዜሩን ሁሉ ይጋፈጣል። ፍቅሩ የሚከብደው ለዚህ ነው። አበራ ዘንድ ግን ከቀለሙና ከብሩሹ ይልቅ ምኞቱ ይበዛብናል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። አመሻሽ ላይ ከዑራኤል ወደ ሃያ ሁለት ብቅ በሉ፤ ደመወዙ የቀረበት አበራ በየካፌው ሞልቷል። ዲግሪውን ይዞ በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ቤተሰብ «ሰው ሁን» ይለዋል፤ እሱ «ቆይ፣ ሁኔታው ይስተካከል» ይላል። የሥራ ማጣቱ ጥፋት የእሱ አይደለም፤ እንዳንፈርድበት። ግን ነገ እኛም እዚያው ወንበር ላይ ነንና፣ እስኪስተካከል ምን እየሠራን እንጠብቅ?

መልሱን ከጉዱ ካሳ እንፈልገው። ማንም አልተሳለውም፣ ማንም አልሾመውም። ከመኳንንት ወገን ሆኖ መኳንንቱን ይተቻል፤ ለዚህም እንደ እብድ መታየትን በየቀኑ ይከፍላል። ጊዜው እስኪመቸው አልጠበቀም።

አንድ ወቀሳም አለን። ልቦለዶቻችን ትርጉም ፍለጋን የወንድ ሥራ አድርገው ሴቷን የመንገዱ ማረፊያ ያደርጓታል። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያልቅ መንኩሳ የምትቀረው ሰብለ ወንጌል ናት። በዛብህ ያፈረሰውን ስለት የከፈለችው እሷ መሆኗን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ተቺዎቻችን «ዋና ገጸ ባሕርይ» ሲሉ ወደ እሷም ዞር ይበሉ።

የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ቁጥር ይጻፍብን።