ሁለት ዓይን ወይስ አንድ?

ዘንድሮ የተቀጠረው ወጣት የሥነ ጥበብ መምህር ሻዩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ 7ኛ ሐ መጨረሻ ዴስክ ላይ የሚተኛውን ልጅ ምን ላድርገው?» አለኝ።

«ምን ሳል ብለኸው ነው የተኛው?»

«ደስ ያለውን።»

ከዚህ ትእዛዝ ጋር ከተጣላሁ ቆየሁ። «ደስ ያላችሁን ሳሉ» ብላችሁ ደብተር ሰብስቡ፤ ጣሪያው ሦስት ማዕዘን የሆነ ቤት፣ በሁለት ተራራ መሀል ብቅ ያለች ፀሐይ፣ ባንዲራ። ምንም ያልተከለከለ ልጅ የሚወስነው ነገር ስለሌለው እጁ የለመደውን ይደግማል። ያልደገመው ይተኛል፤ ከሁለቱ ተስፋ የማደርገው በተኛው ነው።

ወጣቱ «የታላላቆቹን ሥራ እናሳያቸው» ባይ ነው። የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል በፎቶ አሳይቼ አውቃለሁ። የመጣልኝ ጥያቄ «ስንት ብር ተከፈላቸው?» የሚል ነበር። ደህና ጥያቄ ነው፤ እርሳስ ግን አላስነሣም።

እኔ የምሰጠው ሕግ ነው፤ እሱም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የተወሰደ። ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፤ ይሁዳና ሰይጣን ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይን ብቻ። ይህን እነግርና «የጠዋቱን ሰልፍ ሳሉ፤ ለማን ሁለት ዓይን እንደሚገባ ራሳችሁ ፍረዱ» እላለሁ። ሙስሊም ተማሪዎቼም እንደ ጨዋታ ሕግ ይዘውት ይፈርዱበታል። ላጲስ እሰበስባለሁ። ወጣቱ ሕግ ፈጠራን ይገድላል፣ ላጲስ መንጠቅማ ግፍ ነው ይላል። ይበል። ላጲስ የያዘ ልጅ ክፍለ ጊዜውን አንድ አፍንጫ ሲፍቅ ይጨርስና ወረቀቱ ሲቀደድ «መሳል አልችልም» ይላል።

ከዓመታት በፊት እንዲሁ የሚተኛ ልጅ ነበረኝ። ሕጉን ሲሰማ ቀና አለ። ዘበኛችንን እንደ ስኒ በፈጠጡ ሁለት ዓይኖች ሣላቸው። ዩኒት ሊደሩን ያለማመንታት ወደ ጎን አዞረው። ከዚያ እጁን አወጣ፤ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

«ቲቸር፣ እርስዎን ምን ላድርግዎ?»

«ምን ቸገረህ?»

«ማርክ ይሰስታሉ። ግን አይማቱም።»

አንድ ተኩል ዓይን ፈለገልኝ። ያን ጊዜ ነው ፊት በከፊል ሲዞር ምን እንደሚሆን ያሳየሁት፤ የወዲያኛው ዓይን እንደሚያጥር፣ አፍንጫው የወዲያኛውን ጉንጭ እንደሚጋርድ። ይኸው ትምህርት በመጽሐፉ ተራ ደርሶት ቢሆን ኖሮ ተኝቶ ያሳልፈው ነበር። አሁን ግን ለፍርዱ አስፈለገው። የልጁን ዓይን የሚገልጠው ችግር ነው እንጂ ምርቃት አይደለም፤ ችግር ደግሞ ያለ ሕግ አይወለድም። በዚህ አልደራደርም። ልጁ ሠዓሊ አልሆነም፤ አልጠበቅኩትምም።

ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት እኔ ራሴ ሠዓሊ ልሆን ነበር። ሸራዎቼ እቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል፤ ዘመድ በመጣ ቁጥር «ኤግዚቢሽን መቼ ነው?» ይላል። ከማስተማር የተረፈኝን ጊዜ ስስል ለካ እኔም ደስ ያለኝን ነበር የምስለው፤ የእኔም ቤትና ፀሐይ ነበረኝ። ባለፈው ገና የቤተሰባችንን ሥዕል በተማሪዎቼ ሕግ ጀመርኩ። ሁሉም በሰላም ሄደ፤ አማቼ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ባለቤቴ ሁለት ዓይን ይገባዋል ትላለች። ፋሲካም አለፈ፣ እየተከራከርን ነው።