ቀልቡን መሰብሰብ ያቃተው ገጸ-ባሕርይ፦ ኤዲኤችዲ በልብ ወለድና በፊልም

አንድ ደራሲ ኤዲኤችዲ ያለበት ገጸ-ባሕርይ ልጻፍ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ ምን ይዞ የሚመጣ ይመስላችኋል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ ወንድ ልጅ፣ አርፎ የማይቀመጥ፣ ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ ዓይኑ ወፍ ተከትሎ የሚሄድ። አንባቢ ይስቃል፣ ምዕራፉ ያልፋል። እንዲህ ያለ ልጅ የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ። ችግሩ ልጁን የምናየው ከውጭ፣ በተሰላቸ አስተማሪ ወይም በተናደደ አባት ዓይን ብቻ መሆኑ ነው።

እስቲ ሳይንሱን በአጭሩ እንመልከት። ኤዲኤችዲ፣ በአማርኛ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ልንለው የምንችለው፣ ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው። የአሜሪካ የሥነ-አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ምልክቶቹን በሁለት ይከፍላቸዋል፦ 9 ከትኩረት ጋር የተያያዙ፣ 9 ደግሞ ከመቅበጥበጥና ከችኮላ ጋር የተያያዙ። ሌሎቹ መስፈርቶች ከተሟሉ፣ አንዲት ልጅ ከትኩረቶቹ 6ቱ ስላሉባት ብቻ፣ ወንበሯ ላይ አንድም ቀን ሳትቁነጠነጥ፣ ኤዲኤችዲ እንዳለባት ሊነገራት ይችላል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በመስኮት የምታየዋን፣ ማንንም የማትረብሸዋን ልጅ አስቧት። በልብ ወለድ ውስጥ ስንቴ አግኝታችኋታል?

ሌላም ነገር አለ። ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ሰዎች በቤተ ሙከራ አስቀምጦ ምልክት ባዩ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ በማድረግ ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል። በተደጋጋሚ የታየው ውጤት ሁልጊዜ ዘገምተኛ መሆናቸው አይደለም፤ ፍጥነታቸው መዋዠቁ ነው። አሁን ፈጣን፣ ትንሽ ቆይቶ ዘግይቶ፣ ከዚያ ደግሞ ፈጣን። አሜሪካዊው የሥነ-ልቦና ባለሙያ ራስል ባርክሊም ለዓመታት ሲከራከር የኖረው ችግሩ ምን መደረግ እንዳለበት አለማወቅ ሳይሆን የሚያውቁትን በሰዓቱ ማድረግ አለመቻል ነው በማለት ነው።

ታዲያ የደራሲው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ከገጸ-ባሕርይ የምንጠብቀው ወጥነት ነው፤ ሰነፍ ከሆነ ሰነፍ፣ ጎበዝ ከሆነ ጎበዝ። የኤዲኤችዲ ዋና መለያ ደግሞ ወጥ አለመሆን ነው። ስለዚህ ብዙ ጸሐፊ በቀላሉ ወደሚታየው ነገር፣ ወደ መቁነጥነጡ፣ ይሸሻል።

ይህ ሽሽት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን ለትንሽ ልጁ ብሎ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1845 የታተመው የልጆች መጽሐፍ በቀጣይ እትሞቹ ፊሊፕ የሚባል ቅብጥብጥ ልጅ ጨመረ። ፊሊፕ ገበታ ላይ በወንበሩ ሲወዛወዝ ይወድቃል፤ ጨርቁን ይዞ ምግቡን ሁሉ ያወርደዋል። አባት ይቆጣል፣ እናት ዝም ብላ ታያለች፣ ቤተሰቡ ጾሙን ያድራል። ምስሉ ከመድመቁ የተነሣ ጀርመኖች እስከ ዛሬ ኤዲኤችዲን በዚህ ልጅ ስም ይጠሩታል። ግን ፊሊፕ ምን ተሰማው? መጽሐፉ አይነግረንም። የምናውቀው የፈሰሰውን ሾርባ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ እርምጃ የሄደው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሪክ ሪዮርዳን ፐርሲ ጃክሰን ነው። ሪዮርዳን መምህር ነበር፤ ታሪኩን የጀመረው ኤዲኤችዲና የማንበብ ችግር ላለበት ልጁ ማታ ማታ ሲተርክለት ነው። ፐርሲ ታሪኩን የሚነግረን በራሱ አፍ ነው። በስድስት ዓመት ስድስት ትምህርት ቤት የቀያየረ ልጅ ውርደቱን በቀልድ ሲሸፍን እንሰማዋለን። ይህ እውነት ነው፤ ይታመናል። የሚያጠራጥረው ቀጥሎ የሚመጣው ማብራሪያ ነው፦ ኤዲኤችዲው የጦር ሜዳ ንቃት፣ የማንበብ ችግሩም አእምሮው ለጥንታዊ ግሪክኛ ስለተፈጠረ ነው ይባላል። ለአንድ የተሸማቀቀ ልጅ በመኝታ ሰዓት የሚሰጥ መልስ ከሆነ ግሩም ነው። እንደ ገጸ-ባሕርይ አሣሣል ግን ሒሳቡን ቶሎ ይዘጋዋል። ድክመት ሁሉ ድብቅ ስጦታ ከሆነ፣ የሚያጣው ነገር የት አለ? ደብተሩን ሦስተኛ ጊዜ የጣለ ልጅ ሰይፍ አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው የእናቱ የደከመ ፊት ነው።

አሁን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ወጣውና በቀጣዩ ዓመት በምርጥ ፊልምነት ኦስካር ወዳገኘው፣ ዳንኤል ክዋንና ዳንኤል ሻይነርት ወደሠሩት «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» እንሂድ። ኤቭሊን የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት ቻይናዊት ስደተኛ ናት። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የምናያት የግብር ደረሰኝ ክምር ፊት ተቀምጣ ነው። ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሥራዬ ብላ ያስመዘገበቻቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱም አልተቋጨም። ባሏ ሲያናግራት ትሰማለች፣ ግን አትሰማም። ልጇ በሩ ላይ ቆማ አንድ ቃል ትጠብቃለች፤ ከእናቷ አፍ የሚወጣው ሌላ ነው። ፊልሙ ኤዲኤችዲ የሚለውን ስም አንዴም አይጠራም። ሆኖም ዋጋውን ያሳየናል፤ ከፋዮቹም ኤቭሊንና ልጇ ናቸው።

ክዋን በቃለ መጠይቆች እንደተናገረው፣ ይህን ገጸ-ባሕርይ ለመጻፍ ስለ ኤዲኤችዲ ሲያነብ ነበር እሱ ራሱም እንዳለበት የጠረጠረው፤ ኋላም በባለሙያ ተረጋገጠ። እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከጥበብ ጣዕም የሚያልፈው። አንድ አዋቂ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ራሱን «ሰነፍ ነኝ» እያለ ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱም የሚያውቀው ኤዲኤችዲ ፊሊፕ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ፊሊፕን አይመስልም። እርግጥ ገጸ-ባሕርይ ሐኪም አይደለም፤ ራስን በፊልም ማየት ምርመራ አይሆንም። ግን ወደ ሐኪሙ ደጅ ሊያደርስ ይችላል።

በአማርኛ ለምትጽፉ አንድ ሐሳብ እንወርውር። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አስቡ። የመብራት ክፍያ አለባት፤ ገንዘቡ አለ፣ ስልኩ እጇ ላይ ነው፣ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። አትከፍልም። መብራቱ ይቆረጣል። በዚያው ሳምንት ለጓደኛዋ ሠርግ ጥሪ ወረቀት ስታዘጋጅ ሳትበላ ሳትጠጣ ይነጋባታል። «ለዚህ ሲሆን ትችያለሽ አይደል!» ይሏታል። ይህችን ሴት እንድናምናት፣ ውጥንቅጡ የራሱ ሕግ እንዳለው አሳዩን፦ አዲስ ነገር፣ የሚወደድ ነገር፣ ነገ የሚያልቅ ቀጠሮ ይጎትታታል፤ አሰልቺውና ሽልማቱ ሩቅ የሆነው ያመልጣታል። ከዚያ ደግሞ ከሰው ተደብቃ ምን እንደምታደርግ ጻፉ፤ በር ቆልፋ ሦስቴ መመለሷን፣ ላለመርሳት ክንዷ ላይ መጻፏን፣ የረሳችውን ለመሸፈን የምትፈጥረውን ውሸት።

ቋንቋችን ለእንዲህ ያለ ሰው የሰጠው ስም አብዛኛው ወቀሳ ነው፦ ዝንጉ፣ ግዴለሽ፣ ቀልበ ቢስ። «ቀልብህን ሰብስብ» ስንለው ደግሞ ምክር የሰጠን ይመስለናል። የሚታመን ገጸ-ባሕርይ ይህን ቃል ሲሰማ አንባቢው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ እየሰበሰበ ነው የዋለው።